አራት ጧፍ ለአንዲት ቪትዝ

መቱ ውስጥ አንዲት የስፖርት መኪና አለች። ባለቤቷ የእህቴ ልጅ ነው፤ የስፖርት መኪና መሆኗን የሚያውቀውም እሱ ብቻ ነው። ለሌላው ሰው ቪትዝ ናት። ነጭ፣ ድንክ፣ ኋላዋ ቁርጥ ያለ፣ አገሩን የሞላችው ያቺው ቪትዝ። ልጁ ግን "ቪትዝህ እንዴት ናት?" ሲሉት ፊቱ ይለዋወጣል። "ቪትዝ አይደለችም፤ ቪትዝ አር ኤስ ናት" ይላል። ልዩነቱ ያለው ኋላ በሯ ላይ በተለጠፉት ሁለት ፊደላት ነው።

ልጁ ጨርሶ ተሳስቷል ለማለት አልደፍርም። ቶዮታ ቪትዝን በ1991 ዓ.ም. ለገበያ ሲያቀርባት የአንድ ሊትር ሞተር የተገጠመላት የከተማ መኪና ነበረች። አር ኤስ የተባለችው ደግሞ ፍጥነት ለሚወዱ የተሠራች፣ አንድ ተኩል ሊትር ሞተርና ከመቶ በላይ የፈረስ ጉልበት ያላት እህቷ ናት። ችግሩ ፈረሶቹ አይደሉም፤ ሜዳው ነው። ልጁ ከመናኸሪያ ተነሥቶ ሦስተኛ ማርሽ ሳያስገባ ባጃጅ ይገባበታል። ባጃጁን ሲያልፍ አህያ። አህያዋን ሲያልፍ ለቅሶ የሚሄድ ሰው። ለቀስተኛ ላይ ጡሩምባ ነፍቶ ማለፍ ደግሞ ነውር ነው። እንዲህ እንዲህ እያሉ መቶዎቹ ፈረሶች በእርምጃ ገበያ ይደርሳሉ።

የመቱ ሰው አር ኤስ ምን ማለት እንደሆነ የራሱን ፍቺ ሰጥቷል። ቤንዚን የጠፋ ሰሞን መኪናዋ ማደያው በር ላይ ሁለት ቀን ተገትራ ስለከረመች "ረጅም ሰልፍ" ማለት ነው ተባለ። ፍቺው ጸና። አሁን ልጆች እንኳ ሲያይዋት "ረጅም ሰልፍ መጣች" ነው የሚሉት።

ይህች መኪና ሰኔ ላይ ታመመች። ኢሉባቦር ሰኔ ላይ ምን እንደሚመስል ለማያውቅ፣ ሰማዩ ጠዋት አሳስቆ ከሰዓት በኋላ የሚያስለቅስበት፣ መንገዱም እስከ ጉልበት ጭቃ የሚሆንበት ወር ነው። ልጁ መኪናው ላይ ጭቃ ማየት አይችልም። በየዓርቡ ላቫጆ ይወስዳታል። ሙሽራ እንኳ እንዲህ አትታጠብም። በአንዱ ዓርብ ውጪዋ አልበቃ ብሎት ኮፈኗን አስከፍቶ ሞተሯንም በግፊት ውኃ አስረጨ፤ በሳሙና አረፋ አስደፈቀ፤ እንደ መስተዋት አብርቶ ወደ ቤት አመጣት።

ቅዳሜ ጠዋት ሲያስነሣት ተነሣች፤ አነሣሷ ግን ልክ አልነበረም። ሽማግሌ ከአልጋው ሲወርድ እንደሚያደርገው እያቃሰተች፣ እየተንዘፈዘፈች፣ ትን እያላት። ሲነዳት ዳገቱን እምቢ አለች። የሞተር ሥዕል ያለባት ብጫ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። ልጁ ወዲያው ለአንድ ጋራዥ ደወለ። ባለሙያው ስልኩ ሞተሩ ላይ እንዲደገንለት ጠይቆ ለጥቂት ሰከንድ ካዳመጠ በኋላ "ቴስታታ ይወርዳል" ብሎ ፈረደ። ልጁ ስልኩን ሲዘጋ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። ቴስታታ፣ የሞተሩ አናት፣ የሚወርደው ብቻውን አይደለም፤ የባለቤቱን የባንክ ደብተር ይዞ ነው።

እንግዲህ አንድ የጥገና ቪዲዮ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ልጁ ማታውን ሲፈልግ አድሮ አንድ ጢማም አሜሪካዊ አገኘ። የሰውየው ጋራዥ ከእኛ ግቢ ይሰፋል። መፍቻዎቹ ግድግዳው ላይ እንደ ሰልፈኛ ተማሪ በቁመታቸው ተደርድረዋል። ፊቱ የቆመችው ቀይ መኪና እውነተኛ የስፖርት መኪና ናት፤ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ መሬት የምትልስ። ሰውየው "እንዲህ የሚያደርጋት ካንዴላው ነው፤ ቤትዎ ሆነው በ20 ደቂቃ ይቀይሩታል" ይላል። ቀየረውም። እኔን የገረመኝ ግን ቅየራው አይደለም። በ20 ደቂቃ ውስጥ አንድ ጎረቤት ብቅ ብሎ "ምን ገጠማችሁ?" አላለውም። ሰውየው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብቻውን ነበር።

እኔ የአማርኛ መምህር ነኝ። ስለ መኪና የማውቀው ነገር ቢኖር "መኪና" የሚለው ቃል ከጣልያንኛ መምጣቱን ነው። ልጁ ግን "ጋሼ፣ አንተ ዓይንህ ጥቃቅን ነገር አይስትም" ብሎ የእጅ ባትሪ ያዥ አድርጎ ሾመኝ። እሑድ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሞተሯን ጥቂት አስነሥተን ኮፈኗን ከፈትን። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሰባት ሰው ሆንን።

ከሁሉ በፊት ወንበራቸውን ይዘው የደረሱት አባባ ናቸው። አባባ የምንላቸው ጎረቤታችን ዕድሜያቸውን ሙሉ ኤንትሬ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ የጎሬን፣ የመቱንና የያዮን ቡና በበደሌና በጅማ በኩል አዲስ አበባ ሲያደርሱ የኖሩ። ካንዴላ ልንቀይር መሆኑን ሲሰሙ ከት ብለው ሣቁ። "እኔ በዚህ ሁሉ ዘመን ካንዴላ በእጄ ነክቼ አላውቅም" አሉ፣ እንደ ትልቅ ጀብዱ።

ነገሩ እውነት ነው፤ ኤንትሬ የሚሄደው በናፍጣ ነው። የናፍጣ ሞተር የሚያቀጣጥል ካንዴላ የለውም። አየሩን ብቻውን ስቦ ይጨምቀዋል፤ አየር እንደዚያ ሲጨመቅ እንደ ምጣድ ይግላል፤ ናፍጣው በላዩ ሲረጭ በራሱ ይቀጣጠላል። በቤንዚን ሞተር ግን ቤንዚኑና አየሩ ተደባልቀው ከተጨመቁ በኋላ እሳት የሚለኩስላቸው ይፈልጋሉ። ያ ለኳሽ ካንዴላ ነው። የባትሪው 12 ቮልት ኮይል ውስጥ ገብቶ ከ20,000 ቮልት በላይ ይሆንና ካንዴላው ጫፍ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር የምታህል ክፍተት ይዘላል። ብልጭታ ማለት ያች ዝላይ ናት። ባትሪውን ይዤ ቆሜ ሒሳቡን ሠራሁት፤ ሞተሩ በደቂቃ 2,500 ጊዜ ቢዞር እያንዳንዱ ካንዴላ በደቂቃ 1,250 ጊዜ ይለኩሳል። ከመቱ በሑሩሙ በያዮ አድርጎ በደሌ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ይፈጃል ብንል፣ አራቱ ካንዴላዎች ተባብረው 600,000 ጊዜ ለኩሰዋል ማለት ነው። ይህን ጮክ ብዬ ስናገር አባባ "ክብሪት ቢሆን ስንት ካርቶን ያልቅ ነበር" አሉ።

እህቴ ከወደ ማድ ቤት ሰማችና "ለመሆኑ ካንዴላ ምንድን ነው?" አለች።

"በጣልያንኛ ሻማ ማለት ነው" አሉ አባባ።

"እንግዲያው ጧፍ ነው የገዛችሁት! ለቤተ ክርስቲያን አንድ ግዛ ስለው ኪሱን የሚዳብስ ልጅ ለመኪናው አራት ገዛ?"

እዚህ ላይ መምህርነቴ አላስችል አለኝ። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ኮፈን፣ ክሪክ፣ ካቻቢቴ፣ ጎሚስታ፣ ላቫጆ እያልኩ የጣልያን ቃላትን ቆጠርኩላቸው። ጎሬ እኮ ንጉሡ ከአገር ከወጡ በኋላ በ1928 ዓ.ም. የመንግሥት መቀመጫ የሆነች፣ ጣልያን ኅዳር 1929 ዓ.ም. እስኪገባባት ድረስ ባንዲራዋን ያላወረደች ከተማ ናት። ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ወጣ፤ ቃላቱ ግን ኮፈን ሥር ተሸሽገው ቀሩ። አሁን ማንም አርበኛ መጥቶ ከዚያ አያስወጣቸውም። ካንዴላ በመሥራት ስሙ የገነነው ኤን ጂ ኬ ጃፓን ናጎያ ላይ የተቋቋመው ደግሞ ጣልያን ጎሬ ከመግባቱ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ ጥቅምት 1929 ዓ.ም. ነው። ይህን ስናገር ያዳመጠኝ ሰው ያለ አይመስለኝም። የእህቴ ልጅ "ጋሼ፣ ባትሪውን ቀና አድርገው" አለኝ።

መፍቻ ጉድ አደረገን። የሚያስፈልገው 10 ቁጥርና 16 ቁጥር የካንዴላ መፍቻ ነው። 10 ቁጥር መፍቻ ከመፍቻዎች ሁሉ ቀድሞ የሚጠፋ ነው፤ ልጁ ሦስት ገዝቶ ሦስቱም የት እንደገቡ አያውቅም። አራተኛው ከአባባ ቤት ተገኘ። 16 ቁጥሩን ያበደረን ከመታጠፊያው ላይ ሞተር ሳይክል የሚጠግነው ጎረምሳ ነው። መፍቻውን ሲሰጠን ዓይን ዓይናችንን እያየ "ይሄ ከእጄ ወጥቶ አድሮ አያውቅም" አለ። ከዚያም አላመነንም መሰለኝ ሱቁን ዘግቶ ተከትሎን መጣ። ስምንት ሆንን።

እሱ ሲመጣ የመጀመሪያው ሥራው ልጁን ማስቆም ነበር። "ሞተሩ ትኩስ ነው። ቴስታታው አሉሚኒየም ነው፤ በትኩሱ ከፈታኸው ጥርሱ ይላጫል። ያኔ እውነትም ቴስታታ ይወርዳል።" ስለዚህ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ግድ ሆነ። ኢሉባቦር ውስጥ ስምንት ሰው አንድ ነገር እስኪቀዘቅዝ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ሌላ ነገር ይፈላል። እህቴ ምጣዱን ጣደች።

ቡናው በሁለተኛው ሲደርስ ሞተሩ ቀዘቀዘ። ጎረምሳው ኮይሎቹን አንድ በአንድ ነቀለ። ካንዴላው የሚገኘው ጣት የማይገባበት ጥልቅ ጉድጓድ ታች ነው። የተዋስነው መፍቻ ውስጡ ያለችው ጎማ ስላለቀች ካንዴላውን ይፈታዋል እንጂ ይዞት አይወጣም። አሜሪካዊው ይህን አልነገረንም። ልጁ ሊያለቅስ ሲደርስ ጎረምሳው ከግቢው ጥግ ያለችውን የቤንዚን መገልበጫ ጎማ አየ፤ ማደያው ባዶ ሲሆን ከሃይላንድ ወደ ታንከሯ የምንገለብጥባት ናት። ከእሷ አንድ ስንዝር ቆረጠ፤ ወደ ጉድጓዱ ሰደደ፤ የካንዴላውን አናት ጎረሰችለት፤ ሳብ አደረገ፤ ወጣ። እንዲህ እያደረገ አራቱንም አወጣና እህቴ ቡና የምታበጥርበት ሰፌድ ላይ በተራ ደረደራቸው።

ስኒ የሚያነብ ሰው አይታችሁ ከሆነ፣ ካንዴላ የሚያነብ ሰውም እንደዚያው ነው። ጎረምሳው ጎንበስ ብሎ ዝም አለ። ጤነኛ ሞተር ካንዴላውን ፈካ ያለ ቡናማ ያደርገዋል። ጥላሸት የለበሰ ከሆነ ቤንዚን በዝቶበታል። በዘይት የራሰ ከሆነ ዘይት ወደ ውስጥ ይገባል። ነጥቶ ውርጭ የመታው ከመሰለ ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል። ካርቡራተር ያለው አሮጌ ሞተር ሳይክል ጎሬ ላይ ሲሠራ ካንዴላው ይጠቁራል አለን፤ ጎሬ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ይሳሳል፣ ቤንዚኑ ያይላል። ያው ሞተር ወደ 500 ሜትር፣ ወደ ጋምቤላ ሲወርድ ካንዴላው ይነጣል። ጎረምሳው ካንዴላ አይቶ ባለሞተሩ ቅዳሜ የት እንደዋለ ሊነግረው ይችላል ማለት ነው። ሚስቶች ይህን ባያውቁ ይሻላል።

የእኛ አንደኛ፣ ሁለተኛና አራተኛ ካንዴላዎች ደህና ነበሩ። ሦስተኛው ግን ጥቁርና እርጥብ ነው፤ ነጩ ሸክላው ላይም የሚያብለጨልጭ ነገር አለ። ክርክር ተጀመረ። ከተሰበሰቡት አንዱ የሆነ የባጃጅ ሹፌር "ዘይት ነው፤ የላይኛው ጓርኒሲዮን አልቋል" አለ። አባባ "ናፍጣ ብትገዛ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር" አሉ። ልጁ "ቴስታታ" የሚለው ቃል ትዝ ብሎት ግንባሩን ይዟል። እኔ ባትሪ ያዡ ሦስተኛው ጉድጓድ ግርጌ የሆነ ነገር ሲያብለጨልጭ ቀድሞ አይቻለሁ፤ ግን ጉድጓድ ሁሉ እንዲያ የሚያብለጨልጭ መስሎኝ አልተናገርኩም። ዓይኔ ጥቃቅን ነገር አይስትም የተባልኩት ሰውዬ!

እህቴ ሦስተኛውን ቡና ልታቀርብ መጥታ ሰፌዷን አየች። "ሰፌዴን!" ብላ ጮኸች። ከዚያ ግን ዝም አለች፤ ዓይኗ ካንዴላዎቹ ላይ ቀረ። ዕድሜዋን ሙሉ ቡና የቆላች ሴት ናት። አመልካች ጣቷን ወደ አንደኛው ቀሰረችና "ይሄ ተስማምቶታል" አለች። "ይሄም። ያኛውም፣ ትንሽ ገፋ አድርጎታል እንጂ ደህና ነው።" ሦስተኛውን አንሥታ አገላበጠችው፤ ወደ አፍንጫዋም አስጠጋችው። "ይሄ ዘይት አይሸትም። ሳሙና ሳሙና ነው የሚሸተው።" ወደ ልጇ ዞረች። "ታጥቦ ሳይደርቅ የተቆላ ቡና ነው። ይሄን ጧፍ ማን አጠበው?"

ግቢው ጸጥ አለ። ሁላችንም ወደ ልጁ ዞርን። ልጁ ጫማውን ያያል።

ጎረምሳው ካቻቢቴ ላይ ጨርቅ ጠቅልሎ ጉድጓዱ ውስጥ ሰደደው። ጨርቁ በውኃ ርሶ ወጣ። የላቫጆው ውኃ ነው። ከላይ ሞተሩን ሲያስረጭ ወርዶ ጉድጓዱ ውስጥ ተኝቷል፤ ኤሌክትሪኩም ካንዴላው ጫፍ ላይ መዝለሉን ትቶ በአቋራጭ በውኃው በኩል ያመልጣል። በአራት እግሯ የምትሮጥ ፈረስ በሦስት እግሯ እንድትሄድ የተፈረደባት ለዚህ ነው። ቴስታታ የለ፣ ጓርኒሲዮን የለ። ከመጠን ያለፈ ንጽሕና ነው።

የተገዙት አዲሶቹስ? ልጁ በማለዳ ከአንድ ሱቅ ገዝቷቸዋል። ያኔ "ጃፓን ነው?" ብሎ ሲጠይቅ "ጃፓን ነው" ተብሏል። "ታይዋን አይደለም?" ሲልም "ታይዋንነትም አለው" ተብሏል። ካርቶኑን ሰጠኝ። በዚህ ቀን የጠቀምኩት እዚህ ላይ ብቻ ነው፤ "ጃፓን" የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል አንድ ፊደል ጎድሎት ነበር። አርባ ተማሪ ፈተና ያረመ ሰው እንዲህ ያለውን አያልፍም። ጎረምሳው አዲሱን ከአሮጌው አጠገብ አስቀመጠ። አሮጌው ጫፉ እንደ መርፌ የቀጠነ፣ ኢሪዲየም የሚሉት፣ እስከ 100,000 ኪሎ ሜትር የሚያገለግል ነው። አዲሱ ጫፉ እንደ ሚስማር አናት የደነደነ ነው። አባባ አሮጌዎቹን በብርጭቆ ወረቀት ሊፈገፍጉ ሲነሡ ጎረምሳው ለመናቸው፤ ያች ቀጭን ጫፍ ፍተጋ አትወድም።

ስለዚህ አራቱ አሮጌ ካንዴላዎች ደርቀው ወደ ነበሩበት ተመለሱ። ጎረምሳው በዚያችው በጎማዋ ቁራጭ እያሽከረከረ በእጁ አስገባቸው፤ ከተወላገደ ጎማዋ ትንሸራተታለች እንጂ ጥርሱን አትበላውም። ማጥበቂያው ላይ ልጁ ጉልበቱን ሊያሳይ ሲል እጁን ያዘው። አዲስ ካንዴላ ረንዴላው ከነካ በኋላ ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ዙር ይበቃዋል፤ ተፈትቶ የሚመለስ ደግሞ ነካ ማድረግ ብቻ ነው። የመጨረሻው ኮይል ሲታሰር የመጀመሪያዋ የዝናብ ጠብታ አባባ ራስ ላይ አረፈች። ኮፈኗን ዘጋነው።

ተነሣች። ድምፅ የላትም። ብጫዋ መብራት ጠፍታለች። ስምንታችንም የሠራን ይመስል አጨበጨብን። ሰዓቱን አየሁት፤ ዐሥር ሰዓት ከሩብ። አሜሪካዊው 20 ደቂቃ ያለው ሰው ባለመምጣቱ ነው።

በረንዳ ላይ ዝናቡን ስንጠብቅ የባጃጅ ሹፌሩ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸውን አነሣ። ከእንግዲህ የሚመጡት የኤሌክትሪክ ናቸው፤ ካንዴላ የሚባል ነገር የላቸውም። አባባ ይህን ሲሰሙ ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም። "አያችሁ! እኔ ያለ ካንዴላ ነዳሁ፣ የልጅ ልጄም ያለ ካንዴላ ሊነዳ ነው። መሐል ላይ ሻማ ስታበሩ የቀራችሁት እናንተ ብቻ ናችሁ።" አፋቸውን ሳይዘጉ መብራት ጠፋ። እህቴ ጧፍ ልታመጣ ተነሣች።

አዲሶቹ አራት ካንዴላዎች እስካሁን ቴሌቪዥኑ አጠገብ ከነካርቶናቸው አሉ። ሱቁ "የተከፈተ አንመልስም" ብሏል። ላቫጆ ግን ኮፈኗ ተዘግቶ ነው አሁን የምትታጠበው።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። ያን ዕለት ዝናቡ ሲመጣ በተፈጠረው ግርግር 16 ቁጥሩ መፍቻ ከሰፌዱ ላይ ተነሥቷል። ከስምንታችን አንዱ ነው የወሰደው። ጎረምሳው በየጠዋቱ ትምህርት ቤት በር ላይ እየጠበቀኝ "መምህር፣ ከእጄ ወጥቶ አድሮ አያውቅም ብዬዎት ነበር" ይለኛል። ወንድሜ፣ ማንም ሁን ማን፣ አልጠይቅህም፤ ማታ በአጥሩ በኩል ወርውረው።